አባቴን ብርድ አገር ያደረስኩበት ጉዞ

አባቴን ጎባ አድርሼ የተመለስኩት በደርግ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር ነው። ከቀበሌ ባወጣነው መሸኛ ላይ የጉዞው ምክንያት "ለተሻለ ኑሮ" ተብሎ ተጽፏል። ያን ቃል ለጸሐፊው ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ለማን የተሻለ እንደሆነ ጸሐፊው አልጠየቀኝም።

አባቴ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ጭድ ተራ ሠላሳ ዓመት የጭድ ፍራሽ ሰፍቷል። ስፖንጅ ገበያውን ሲወስድበት ወስፌውን ጭኑ ላይ አድርጎ አላፊ አግዳሚውን ማየት ሆነ ሥራው። እኔ፣ ባሌ ከማልና የስምንት ወር ልጃችን ከእሱ ጋር በአንዲት የቀበሌ ክፍል እንኖር ነበር። መሃላችን መጋረጃ አለ፤ መጋረጃ ግን ሳል አይከለክልም። አባቴ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የጭድ ብናኝ የሳበ ሰው ነው፣ ይስላል፤ እሱ ሲስል ልጁ ይነቃል፤ ልጁ ሲነቃ ከማል ይነጫነጫል። አንድ ቀን፣ "ዘይነባ፣ የመጋረጃ ትዳር ሰልችቶኛል። ሰባተኛ ሰፈር፣ እናቴ ቤት እገባለሁ" አለኝ። የሚያስፈራራ ሰው አይደለም፤ ያለውን ያደርጋል።

በዚያው ሰሞን አባቴ ጎባ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሙን እድሪስን ሥራ ይገኝ እንደሆን በደብዳቤ አስጠየቀው። የጻፍኩለት እኔ፣ መልሱን ያነበብኩለትም እኔ ነኝ። አጎቴ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ "ጋሼ፣ አትምጣ። ብርዱ ለደረትህ አይሆንም። ጭዱን ለከብት ነው የሚፈልጉት፤ ፍራሽ የሚያሰፋ የለም። ከመጣህ ደጄ አይዘጋብህም፣ ግን አትምጣ።" እኔ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳልነቅል፣ "ጋሼ፣ ቶሎ ና። ጭዱ እንደ ተራራ ነው፤ ሰዉ በብርድ ፍራሽ ፍራሽ ይላል" ብዬ አነበብኩለት።

"እስቲ ድገሚልኝ" አለ።

ደገምኩለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

አባቴ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ነበር፤ ቀበሌው ስም ስለሚጠራ መቅረት አይቻልም። "ዛሬ ምን ተማርክ?" ስለው "ቁጭ ብሎ መተኛት" ይለኝ ስለነበር ከስሙ ፊደላት አልፏል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አውቶብስ ተራ

ራጉኤል ቅዳሴው አላለቀም፤ የመስጊዱ ሰው ደግሞ ሰግዶ እየወጣ ነው። የአባቴ ዕቃ አንድ ጆንያ ብቻ ነበር፦ ሦስት ወስፌ፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ብርድ ልብስና አንድ ቅያሪ ልብስ። ረዳቱ ጆንያውን አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ወዳለው ፖርቶ መጋላ ሲወረውር፣ አባቴ፣ "ቀስ በል፣ ሙሉ ፋብሪካ ነው የያዝከው" አለው። ሳቅን።

"ፍራሽህንስ ለምን አልያዝክም?" አልኩት።

"እዚያ ጭዱ እንደ ተራራ ነው አላልሽኝም?"

መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ረፋድ፣ ዝዋይ

ሞጆን እንዳለፍን ሙቀቱ በረታ። ከዝዋይ ወዲህ ባለው ኬላ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። አንድ ወጣት ወታደር መሸኛችንን እያገላበጠ፣ "አባት፣ ጎባ ምን ሊያደርጉ ነው?" አለው።

"ልጄ ታውቃለች" አለ አባቴ።

ወታደሩ ወደ እኔ ዞረ። "ለ... ለተሻለ ኑሮ" አልኩ።

"ጎባ?" ብሎ ሳቀ። "እኔ እዚያ ነበርኩ። እዚያ ያለው ብርድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ አይወሰድም።"

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሞቆኛል። ትንሽ ቢበርደኝ ምን አለበት?" አለውና ወደ አውቶብሱ ወጣ። ዝዋይ ላይ በአንድ ብር ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ ሰጠሁት። እሾሁን እየለቀመ ሥጋውን ለእኔ ይገፋል። ገና ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ያን ዓሣ እንዴት እንደዋጥኩት አላህ ያውቃል።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ያደርነው ሻሸመኔ ነው፤ አልጋው ሦስት ብር። አባቴ ክፍሉ ውስጥ እንደገባ ጆንያውን ሳያስቀምጥ የፍራሹን አፍ ፈለገ። የጭድ ፍራሽ ጎኑ ላይ ሳይሰፋ የሚተው ስንጥቅ አለው፤ ሰፊዎቹ አፍ ይሉታል። በየጠዋቱ እጅ እየሰደዱ የታመቀውን ጭድ ያላሉበታል። እነ አባቴ ትንንሽ ነገራቸውንም የሚያስቀምጡት እዚያው ነው። አባቴ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ሲያገላብጥ ቆየና፣ "የገብስ ጭድ ነው። ሰፊው ሰነፍ ነው እንጂ ጭዱስ ጥሩ ነበር" አለ። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ ወለሉ ላይ ጋደም አለ። ብለምነው አልሰማ አለኝ።

በማግስቱ፣ ዲንሾ

ዶዶላ ላይ ትኩስ ወተት ጠጥተን ቅቅል ድንች በላን። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ በወጣን ቁጥር አውቶብሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየተሸፋፈነ፣ ወሬውም እየቀነሰ መጣ። ጉሙ ውስጥ ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞች ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ሣሩ ላይ ከርከሮ ከነልጆቹ ይግጣል፤ ቀንዳም ኒያላ ቆሞ ያየናል። አገሩ ያምራል፤ ዓይኔ ግን ከአባቴ ደረት አልተነሳም። ሳሉ ተለውጦ ነበር፤ ጭድ ተራ ደረቅ የነበረው አሁን ከታች ከሆዱ ይመጣል።

"ዲንሾ" አለ በመስኮቱ እያየ፣ ለራሱ።

"ማን ነገረህ?"

"ረዳቱ ነዋ።"

ረዳቱ ሲጮህ አልሰማሁም። ግን ሐሳቤ ሌላ ነበርና አለፍኩት። ምላሴ ጫፍ ላይ የነበረው እውነቱ ነው፤ የወጣው ግን፣ "አባባ፣ እንመለስ እንዴ?" የሚል ብቻ ሆነ።

"ምን ረስተን?" አለኝ።

ጎባ

ስንደርስ ዝናብ ያካፋል። ጭንቄ ሁሉ ከአጎቴ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር። በሩን ከፍቶ አባቴን ሲያይ ክው አለ። "ጋሼ! ኧረ እኔኮ በደብዳቤው..."

አባቴ አላስጨረሰውም፤ አንገቱን አቅፎ፣ "ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከመጣህ ደጄ አይዘጋም ብለህ የለ?" አለው።

ያን ዐረፍተ ነገር እኔ አላነበብኩለትም። ወዲያው ግን፣ ወንድም ለወንድሙ ሌላ ምን ይላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ላመነበት ውሸቱ ብዙ ይደክማል። አጎቴ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላለም።

ሁለት ቀን አብሬያቸው ቆየሁ። አባቴ ጭድ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ባለ ጭዱ ገበሬ ለምን እንደሚፈልገው ሲነገረው፣ "በሬው የሚበላውን አንተ ልትተኛበት?" ብሎ ከልቡ ሳቀ። አባቴም አብሮት ሳቀ። በመጨረሻ አጎቴ የእህል መጋዘን ጥበቃ አስቀጠረው። ብርዱ ሲበረታ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። አንድ አሮጌ ካፖርት ሰጡት፤ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል።

አውቶብሱ ሲነሳ በመስኮቱ ጣቶቼን ያዘ። "ዘይኔ፣ ፍራሼን ሳታገላብጪ እንዳትጥይው። ጭዱ ታምቋል።"

"እሺ አባባ።"

"ልጁን ሳሚልኝ። ደሞ አታልቅሺ፣ ሰው ያየናል።"

ጭድ ተራ

በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ቤቴ ገባሁ። ከማል መጋረጃውን አውርዶት ነበር። ክፍሉ ሰፍቷል፤ ልጁ ያለ አንድ ሳል እስኪነጋ ተኛ። እኔ ነኝ ያልተኛሁት።

በማግስቱ ከማል፣ "ይሄን ፍራሽ ዛሬ ላውጣው?" ሲለኝ፣ "ቆይ" ብዬ እጄን በአፉ ሰደድኩ። ጭዱ እውነትም ታምቋል። ሳገላብጠው ጣቴ ወረቀት ነካ። የመሠረተ ትምህርት ደብተሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሀ ሁ፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ቀጥሎ ስሜ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ወስፌ እንደሚይዝ ሰው እርሳሱን ጨብጦ በጻፋቸው ትልልቅ ፊደላት፣ የአጎቴ ደብዳቤ አለ። ካስቀመጥኩበት ከሳጥኔ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ገልብጦታል። "አትምጣ" የሚለው ሁለቱም ቦታ ላይ አልቀረም። ከሥሩ የራሱ አንድ መስመር አለ፦ "ዘይነባ ቤቱ ያስፈልጋታል። እሄዳለሁ።"

ጭዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከማል ምን ሆንሽ ቢለኝ ደብተሩን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ መጋረጃውን ከወለሉ አንስቶ አጠፈው። "አባትሽ ይመለሱ፤ እኔ ልስቀለው" አለ።

ከዚያ ጉዞ የተማርኩት አባቴ ማንበብ እንደሚችል ነው። ሌላው ትምህርት ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ያን ዕለት ቁጭ ብዬ፣ ፖስታውን በአጎቴ ሳይሆን በራሱ ስም አድርጌ፣ ያደረግኩትን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩለት። "አባባ፣ ይቅር በለኝ። መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ፍራሽህም እያገላበጥኩልህ ነው፣ ና" አልኩት።

መልሱ ከአንድ ወር በኋላ ደረሰ። በእነዚያው ትልልቅ ፊደላት፣ እንዲህ ይላል፦

"ዘይኔ፣ ብርዱን ለምጄዋለሁ። ሳሉም ትቶኛል። ጭዱ እንደ ተራራ ነው፤ ሰዉ በብርድ ፍራሽ ፍራሽ ይላል።"