ሰው የማይጫንበት ቤት

ተሳቢ ቤት ገዝቻለሁ። ከፒክአፕ ኋላ በመንጠቆ የሚታሰር፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው፣ የራሱ ሞተር የሌለው ቤት ነው። እዚህ አሜሪካ ትሬይለር ይሉታል። ይህን የምጽፈው የእኛ ሰው ስለ ነገሩ ብዙ ስላወራ ነው። ያወራው ደግሞ ለባለቤቴ ነው፤ ፊት ለፊት ለእኔ ለመናገር የደፈረው ጥቂት ነው።

የወሬው መነሻ የሲያትል መንገድ ነው። በየድልድዩ ሥርና በየመጋዘኑ አጥር ጥግ ያረጁ ትሬይለሮችና ባለ ሞተር ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ የቤት ኪራይ ያቃታቸው ሰዎች ይኖሩባቸዋል። ስለዚህ የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በሰው ግቢ ቆሞ ሲያይ ሽርሽር ትዝ አይለውም፤ ትዝ የሚለው ውድቀት ነው። አንዲት የባለቤቴ ጓደኛ ኮል አድርጋ፣ «ምን ሆናችሁ? ቤቱን ባንክ ወሰደባችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ያን ዕለት አላነጋገረችኝም። እኔ ግን እላለሁ፤ በትሬይለር መኖር አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የሚኖርበትን ሰው አይቶ የመኪናውን መስኮት እየዘጉ ማለፍ ነው።

ትሬይለር የመግዛቱን ነገር ያመጣችው ትልቋ ልጄ ናት። ክረምቱ ሲያልቅ ሌላ ስቴት ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። አብረን የምናሳልፈው አንድ የትምህርት እረፍት ብቻ ነበር የቀረን። እራት ላይ ሳለን «እንደ አምናው ዘንድሮም እንሄዳለን» ስል ቀና ብላ አየችኝና እኔ አልመጣም አለች። በቤታችን እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች።

«ለምን?» አልኳት።

«የአምናው የቤተሰብ ጉዞ አልነበረም። ባስ ነበር። አንተም ሾፌሩ ነበርክ።»

እናቷ ተቆጣቻት። እኔም ተቆጣሁ፤ ልጅ ለአባቱ እንዲህ አይመልስም ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። ሆኖም የተናገረችው እውነት ነበር፤ እውነትን ደግሞ በክፉ አነጋገር ስለተነገረ ብቻ አልጥለውም።

አምና ሞተርሆም ተከራይተን ነበር። ሞተርሆም ሞተሩም ቤቱም አንድ አካል የሆነ መኪና ነው። የእኛ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ለሚያውቀው ሁሉ «ኑ አብረን እንሂድ» ሳይል አይነሳም። ተጋባዡም ወጉን ያውቃል፤ «አይ፣ እናንተ ተዝናኑ» ይላል፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ይህ የሚሠራው መኪናው ትንሽ መሆኑን ሁሉም ስለሚያይ ነው። ሞተርሆም ግን ሶፋ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ ሌላ አልጋ አለው። ባለቤቴ እንደ ወጉ ሁለት ቤተሰብ ጋበዘች፤ እኔም እንደ ወጉ ግብዣውን ደገምኩት። እነሱም ገብተው ውስጡን ጎብኝተው፣ ሶፋውን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ከሞከሩ በኋላ «እንመጣለን» አሉ። ቀበቶ ያለው ወንበር ሁሉ ሞላ። የተረፉት በራሳቸው መኪና ተከተሉን፤ ሲመሽ ግን ሁሉም የሚተኛው እኛ ዘንድ ነበር። ልጆቼ አልጋቸውን ለእንግዳ ለቀው ወለል ላይ ተኙ። ባለቤቴ የሄደችው ለማረፍ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ድስት ስትጥድና ስታወርድ ከረመች። እኔ ነዳሁ። ከልጆቼ ጋር የተነጋገርኩት «ተነሱ» እና «ግቡ» ብቻ ነው።

ሆኖም ጉዞውን አልጠላሁትም፤ ስለዚህ የራሳችን ይኑረን ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲያትል በስተሰሜን ወዳለችው ኤቨረት ከተማ እየወጣን መሸጫዎቹን ማየት ጀመርን። ባለቤቴና ትንሿ ልጄ ሞተርሆሙን ወደዱ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። ዝናብ ሲጥል ከወንበርሽ ተነስተሽ ሳትረጥቢ አልጋሽ ላይ ትወጫለሽ። መንጠቆ የለ፣ ሰንሰለት የለ። ቁልፉን አዙሮ መሄድ ነው።

እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ አነበብኩ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። መኪና መጠገንን የተማርኩት መዝገበ ቃላት ይዤ የጥገና መጽሐፍ በማንበብ ነው፤ ተሳቢ መጎተትንም እንደዚያው ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት አጠናሁ። ሞተርሆም በዓመት ለጥቂት ሳምንት የሚነዳ፣ በቀረው ጊዜ ዝናብ እየወረደበት የሚቆም ሁለተኛ ሞተር ነው። ሞተሩ ሲበላሽ ቤቱም አብሮ ጋራዥ ይገባል። ካምፕ ከደረስክ በኋላ ወተት አልቆብህ ሱቅ መሄድ ብትፈልግ አልጋህን፣ ምድጃህንና የታጠበ ልብስህን ሁሉ ይዘህ ትሄዳለህ። ተሳቢውን ግን ፈትተህ ታቆመዋለህ፤ በፒክአፑ ትሄዳለህ። ክፋትም አለው፤ ንፋስ ያወዛውዘዋል፣ ወደ ኋላ መንዳቱም ያስቸግራል። ዕቃ የማመላልስ ሾፌር ስለሆንኩ ይህን የመጨረሻውን ንቄው ነበር።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ዘርዝሬ ነገርኳት። ዋናውን ምክንያት የነገርኳት ግን ከኤቨረት ስንመለስ ሊንውድ ከተማ ላይ ትራፊክ ይዞን ቆመን ሳለን ነው።

«ተሳቢ ሲንቀሳቀስ ውስጡ ሰው እንዲቀመጥ የዚህ ስቴት ሕግ አይፈቅድም» አልኳት። «ፒክአፑ የሚይዘው አምስት ነው። እኛ አራት፣ እናትሽ አምስት። ሞላ።»

«ሶ፣ ቤት የምትገዛው ሰው እንዳይመጣብህ ነው?»

«አዎ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«መቀመጫ የላቸውም ይላል።»

መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቀች። በዚያው ሳምንት ገዛነው። ለልጄም «እኛ ብቻ ነን፣ እኛና አያትሽ» አልኳት። «ቃልህ ነው?» አለች። ቃሌ ነው አልኩ። «እንደዚያ ከሆነ እመጣለሁ» አለች። ቃሌን ባላከብር ይህች ልጅ ከቤት የምትወጣው አባቷ ለሰው ሁሉ ጊዜ እንዳለው፣ ለእሷ ግን እንደሌለው እያመነች ነው። ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

ከዚያ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ትሬይለሩን ለማየት ወጡ። ደረጃውን በእኔ ክንድ ተደግፈው ወጡ፤ ቆመው ዙሪያውን አዩ።

«ይሄ ቁም ሣጥን ነው» አሉ።

«እማማ፣ አልጋዎ ይኸውልዎ። ፍራሹ አዲስ ነው።»

«መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ቤት ውስጥ እኔ አልተኛም። ሊንውድ ሌላው ልጄ ዘንድ እቀመጣለሁ። እናንተ ሂዱ፣ በሰላም ያግባችሁ።»

ጉልበታቸው ደካማ ነውና አልፈረድኩባቸውም። ሳላስበው ግን መኪናው ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ።

የአማቴ ወንድም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሲያትል ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ የቤታቸውን ምድር ቤት ለቀውልኝ ሙሉ ክረምት ያሳደሩኝ፣ መንጃ ፈቃድ ፈተና በመኪናቸው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ባለቤቴንም ያገኘሁት በእሳቸው ቤት ነው። ጋሼ ነው የምላቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው በየመኪናው ዙሪያ ቆሞ ሲጫወት ወደ እኔ መጡ።

«ትሬይለር ገዛህ አሉኝ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይባርክልህ። ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?»

«ጋሼ፣ መኪናው የሚይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው።»

«ነግራኛለች እህቴ፣ ቀርቻለሁ ብላ። አንድ ቦታ አለ ማለት ነው። እኔ ዕቃ አላበዛም፤ አንድ ብርድ ልብስና መጽሐፍ ቅዱሴን ብቻ ነው።»

አጠገባችን ከቆሙት አንዱ፣ «ጋሼ፣ አልገባዎትም እንዴ? ሰውዬው እኮ ትሬይለር የገዛው እኛን ፈርቶ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ጋሼም ሳቁ። ባለቤቴ መሬት መሬት ታያለች። ትልቋ ልጄ የመኪናውን በር ከፍታ ቆማለች፤ ስልኳ በእጇ ነው፣ የምታየው ግን እኔን ነው።

ብዙ ውሸት አፌ ላይ መጣልኝ። ወንበሩ ላይ ዕቃ እንጭናለን ማለት ይቻል ነበር። ትንሿ መኪና ያጥወለውላታል፣ ጋደም ብላ ነው የምትሄደው ማለትም ይቻል ነበር። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ውሸት ይሉኝታ ብሎ ይጠራዋል፣ ሰሚውም ውሸት መሆኑን እያወቀ ይቀበለዋል። ልጄ ግን እያየችኝ ነበር። እንዳትዋሽ ተቆጥቼ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ቦታው አለ። ግን ልወስድዎ አልችልም። ይህ ጉዞ የእኛ ብቻ እንደሚሆን ለልጄ ቃል ገብቼላታለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«ለልጅ?» አሉ።

«ለልጅ።»

«እኔ ታዲያ ባዳ ነኝ?»

«አይደሉም። ቢሆንም አይሆንም።»

«አንተ ምድር ቤቴ ስትተኛ እኔ ለልጆቼ ምን ቃል እንደገባሁ አልጠየቅከኝም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እውነት ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኖርዝጌት የሚባለውን ሰፈር አለፍን። ከዚያ ባለቤቴ፣ «አዋረድከኝ። በስልክ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?» አለች።

«በስልክ ቢሆን እዋሽ ነበር።»

ከኋላ ልጄ፣ «ይምጡ ብትል እኮ ኦኬ ነበር። ሽማግሌ ናቸው» አለች።

ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ለብዙ ጊዜ ተናድጄ አላውቅም። «ኦኬ አይደለም» አልኳት። «ቃል ጠየቅሽ፣ ቃል ሰጠሁ። ሰው ሲያዝንብኝ ደንግጠሽ ቃሌን አትመልሺልኝ። ትመጫለሽ።»

«እመጣለሁ አልኩ እኮ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጡም። እሑድ እሑድ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳቸዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ። ይከብደኛል። መኸር ሲገባ ቤታቸው ሄጄ ሌላ ጉዞ እጋብዛቸዋለሁ፤ አልሄድም ቢሉ መብታቸው ነው። ግን ያን እሑድ የተናገርኩትን ዛሬም እደግመዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ አልጋ የሰጡኝ ከራሳቸው ነው፤ ለዚያ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ። እኛ አምና ለእንግዳ የሰጠነው ግን የልጆቻችንን ነው። በልጅ አልጋ እንግዳ ተቀባይ መባል ቀላል ነው፤ ልጁን የጠየቀው የለም። ይህን ባህል የሚል ሰው ይበል። እኔ አልልም።

ሐምሌ ላይ ሄድን። ተራራውን ተሻግረን፣ በደረቁና በሞቃቱ ወገን ያለ ሐይቅ ዳር ደረስን። ካምፑ ውስጥ ፈረንጆች በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ሲያዩኝ ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት አቃተኝ። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፣ እጄ ግን አያውቀውም። ልጄ ከኋላ ቆማ በእጇ ትመራኛለች።

«ግራ። አይ፣ አባ፣ የአንተ ግራ አይደለም፣ የእሱ ግራ።»

«የእሱ ግራ የቱ ነው?»

«ዛፉ ያለበት። ዛፉን አትግጨው ማለቴ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ልርዳህ ብለው መጡ። አመስግኜ መለስኳቸው። እየወጣሁ እየገባሁ፣ እያላበኝ፣ ራሴ አቆምኩት። ትንሽ ተንጋዷል፤ ተንጋዶ ከረመ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ልጄ ነገረችኝ። የተስማማነው ፋርማሲ እንድትማር ነበር። እሷ ግን የጫካና የእሳት ጥናት ወደሚሰጥበት የትምህርት ክፍል ቀይራለች። ከሐይቁ ማዶ የጫካ ቃጠሎ ጭስ ይታይ ነበር፤ በጣቷ እያሳየችኝ እሳት እንዴት ኮረብታ እንደሚወጣ ታስረዳኛለች። እኔ የምሰማው ግን ፋርማሲ የሚለው ቃል አለመኖሩን ነው።

ተጣላን። ቤታችን ብንሆን ጠቡ ሳይጋጋል ወይ በር ይንኳኳል፣ ወይ ስልክ ይደወላል፣ ወይ እንግዳ ገብቶ «ተዉ እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው» ይላል፤ እሷ ዝም ትላለች፣ እኔ የረታሁ ይመስለኛል። እዚህ የሚያስታርቅ የለም። ተነስታ ወደ ውሃው ሄደች፤ አልተከተልኳትም። የምትሄድበት ስላልነበራት ተመለሰች፤ እኔም የምሄድበት አልነበረኝም፣ ጠበቅኳት።

«ሰው ቢኖር ኖሮ አልነግርህም ነበር» አለች። «ከሄድኩ በኋላ በቴክስት ነበር የምነግርህ።»

«ለምን?»

«ሰው ፊት ‹አይሆንም› ስለምትል። ሰው ፊት ‹አይሆንም› ካልክ ደግሞ ከቃልህ አትመለስም።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አልወደድኩትም፤ ግን «ልክ አይደለሽም» ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ጠየቅኳት። ሥራው የት ነው፣ ማን ይቀጥራል፣ ሴት ልጅ እሳት አጠገብ ምን ትሠራለች። የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ ዓይኗን ወደ ሰማይ ገለበጠች፤ ግን መለሰች። መልሷም የጨዋታ አልነበረም፤ አንብባለች። ማንበቧ ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝ አልነገርኳትም።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ጭሱን ወደ እኛ አመጣው። መስኮቶቹን ዘግተን አራታችንም ውስጥ ገባን። ትንሿ ላይኛው አልጋ ላይ ጆሮዋን በትራስ ይዛ ተኝታለች። ባለቤቴ ምድጃው ፊት ቆማ ሽንኩርት ታቁላላለች። እኔና ልጄ ክንድ በምታክል ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበታችን እየተጋጨ እንከራከራለን። አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልተስማማሁም። ባለቤቴ በመጨረሻ ማማሰያውን ይዛ ዞረችና፣ «ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ውጡልኝ» አለች።

አልወጣንም። ዝምም አላልንም።