የአቶ ቶላ ግራ እጅ

አዳማ ውስጥ የግድግዳ ስጋጃ ወደሚሸመንበት ቤት በገባሁበት ቀን የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ በቀለ ክር አላስነኩኝም። ከቆመው መሸመኛ ኋላ አስቀመጡኝና፣ "የምትሠሪው ከጀርባው ነው፤ ፊቱ በወዲያ በኩል ነው። ሥዕሉን ገልብጠሽ ካላስቀመጥሽ ግራው ቀኝ ይሆናል" አሉኝ። አሥር ጊዜ አስደገሙኝ። እኔም በሆዴ "ይቺን ደግሞ ማን ይስታታል?" አልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሳልስታት ቆየሁ። ጋሽ በቀለ ጡረታ ሲወጡ ኃላፊነቱ ለእኔ ሆነ፤ ምላሴም በዚያው ረዘመ። ማግ ያላላ ሰው ካየሁ ማበጠሪያውን ነጥቄ ራሴ እየመታሁ አጠብቀው ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጫልቱ የሚባሉ እናት ከወለንጪቲ ስልካቸውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው አቶ ቶላ ባለጋሪ ነበሩ፤ አርፈዋል። ስልኩ ላይ ያለችው አንዲት ፎቶ ናት፤ ጋሪው ላይ ተቀምጠው፣ አለንጋ ይዘው ይስቃሉ።

"ልጄ አያንቱ ልታገባ ነው። የሰርጓ ቀን አባቷ ከኋላዋ ይሁንላት" አሉኝ።

ዲዛይነራችን ሄለን ፎቶውን በኮምፒውተር አሳደገች፤ ገልብጣም አተመችው። አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። እንደ ልማዴ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ፣ በጀርባው በኩል መስመሩን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ተገለበጠ ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሰውዬው እኔ ባለሁበት በጀርባው በኩል ልክ እንደ ፎቶው ሲታየኝ መደንገጥ ሲገባኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሰርጉ እሑድ ነው፤ ሐሙስ ስጋጃውን ከመሸመኛው አወረድነው። ሊወስዱት የመጡት ወይዘሮ ጫልቱ የስጋጃውን ፊት አይተው አለንጋው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"መልኩስ እሱ ነው። ግን አለንጋውን በቀኙ ይዟል። ቶላ እኮ ግራኝ ነበር፤ ወለንጪቲ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሦስት ወሩን ሥራ በሦስት ቀን መድገም እንደማይቻል፣ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

እሳቸው ግን የስጋጃውን ጫፍ ይዘው ገለበጡት። ጀርባው በተንጠለጠለ የክር ጫፍ ተሸፍኗል። ክሩን እንደ ጸጉር ገለል ገለል አደረጉና፣

"ያ ረቢ! እዚህ ተደብቀህ ነው እንዴ!" ብለው ሳቁ።

እውነትም ሽመናው በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ጀርባውን የሚያበላሸው የክሩ ጫፍ ብቻ ነው። እሳቸው፣ ሄለንና እኔ መርፌ ይዘን ተቀመጥን፤ ጫፉን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ማዶ አሳለፍነው። ወይዘሮ ጫልቱ እየሰፉ ያጫውቱናል። አቶ ቶላ ፈረሳቸውን በኦሮምኛ ተሳድበው በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቁት እንደነበር ሲነግሩን ሄለን መርፌዋን እስክትጥል ሳቀች። ቅዳሜ ከሰዓት ጨረስን።

እሑድ ስጋጃው ከሙሽሮቹ ኋላ ተሰቀለ። አያንቱ ቬሏን ሰብስባ ዞረች። አለንጋ የያዘውን ግራ እጅ በመዳፏ ዳሰሰችና፣ "አባ፣ ዱፍቴ?" አለችው፤ አባባ፣ መጣህ ወይ ማለቷ ነው። እኔ ሰው ፊት አልቅሼ የማላውቀው፣ የዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፤ ፎቶ ያመጣላችሁን ሰው ከመሸኘታችሁ በፊት አስቀምጡትና ስለ ሰውዬው ጠይቁት። አቶ ቶላ ግራኝ መሆናቸውን እኔ የሰማሁት ስጋጃው ካለቀ በኋላ ነው።