ባሌና አሮጌዎቹ መጋዞች

ዛሬ ጠዋት የማጸዳበትን ትምህርት ቤት ኮሪደር ስወለውል ከግቢው የቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። በመስኮት ብመለከት አትክልተኞቹ አጥሩ ሥር የደረቀውን የቴምር ዛፍ በሞተር መጋዝ እየቆረጡ ነው። ጩኸቱን ችዬው ነበር፤ ሽታው ግን እጄን ያዘኝ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ምን ሆንሽ እህቴ?" ስትለኝ "ጭሱ ዓይኔ ገባ" አልኳት። አመነችኝ መሰለኝ፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባሌ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ሽቶ ተቀብቶም ቢሆን ያ ሽታ ከአንገቱ ሥር አይጠፋም ነበር። ያኔ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን። እዚህ ዓረብ አገር፣ መንፉሐ በሚባለው ሰፈር፣ በኮምፔርሳቶ ከተከፋፈለ ቤት አንዷን ክፍል ይዘን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት እኔ በሠራተኛ አውቶብስ ወደዚሁ ትምህርት ቤት እመጣለሁ፤ እሱ ሱለይ ሰፈር ወዳለው ጋራዥ ይሄዳል። ሥራው የሞተር መጋዝ መጠገን ነበር፤ ያውም አሮጌዎቹን።

ዛሬ እንደሚሸጡት ቀላል አልነበሩም። አካላቸው ብረት ነው፤ ቀለማቸውን ፀሐይ ልጦታል፤ አንዳንዶቹ ከእኔ ዕድሜ ይበልጡ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ የቴምር እርሻ ያላቸው ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን ይዘው ይመጣሉ፤ መጣል አይሆንላቸውም። ባሌ እያንዳንዱን ፈቶ በቤንዚን ያጥበዋል፤ የደረቀችውን የካርቡሬተር ጎማ ይቀይራል፤ ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል። ከዚያ መሬት ላይ በእግሩ ረግጦ ይይዘውና ገመዱን ይስባል። ሲነሳለት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ እያዳመጠ ቤንዚን የምትመጥነውን ቡሎን በካቻቢቴ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ ያዞራል። ድምፁ ከቀጠነ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ቶሎ ካልታረመ ሞተሩ ውስጡ ተቃጥሎ ይጣበቃል። ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው።

የጆሮ መከላከያ ገዝቼለት ነበር። ወስዶ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀለው። "ይህን ካደረግኩ ምን እሰማለሁ?" አለኝ። "እኔ እኮ መጋዙን የምጠግነው በጆሮዬ ነው።" ምን ብዬ ልከራከረው? ልክ ነበር። በዚያ ጆሮ ነበር የምንኖረው።

አርብ ሁለታችንም ሥራ የለንም። ጣራ ላይ ወጥተን ጥላ ፈልገን እንቀመጥና እሱ ያመጣውን ሲፈታ እኔ ሰንሰለት እሞርዳለሁ። የቴምር ግንድ በቅርፊቱ መሃል አሸዋ ስለሚይዝ ጥርሱን ቶሎ ያደነዝዘዋል። "ወደ ፊት ብቻ ግፊው፣ ሞረዱን እየጎተትሽ አትመልሺው" እያለ ነው ያስለመደኝ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየተከተልኩ ስሞርድ የብረቱ ብናኝ ጣቶቼ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። "አንቺ የሞረድሽው ሰንሰለት እንጨት አይለምንም" ይለኝ ነበር። እንደዚያ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ልጅ ነበርኩ።

የደረቀ ዛፍ የሚያስቆርጥ ሰው ሲገኝ ደግሞ አብረን ወደ እርሻ እንሄዳለን። አንድ አርብ የአንድ ሽማግሌ እርሻ ውስጥ ረጅም ዛፍ እየቆረጠ ነበር። ግንዱን ከግማሽ በላይ ከበላው በኋላ መጋዙን አጥፍቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ያን ጊዜ ዛፉ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ባላሰብነው በኩል፣ ወደ እሱ ነበር የሚያዘነብለው። ሽማግሌው "ያ ወለድ! አንተ ልጅ!" ብለው ጮኹ። እኔም ስሙን ጠራሁ። ቀና አላለም። ሮጬ ሸሚዙን ይዤ ስጎትተው ሁለታችንም አሸዋው ላይ ወደቅን፤ ዛፉ እሱ ከነበረበት ቦታ ላይ አረፈ። አቧራው ተበተነ።

"አልሰማኸንም?" አልኩት።

"ነፋስ ነበር እኮ" አለኝ።

ነፋስ አልነበረም። "ሐኪም ጆሮህን ይየው" ስለው "ኢንሻአላህ" አለኝ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ አይሄድም። እሱ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማየት ጀመርኩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ስለ ሽንኩርት ስጠይቀው ስለ አውቶብስ ይመልስልኛል። በዚያ ቤት ደግሞ ጎረቤት ሲያስለው እንኳ የሚሰማ ነው፤ ባሌ እንዲሰማኝ መጮህ አለብኝ፣ ከጮህኩ ስድስት ክፍል ሙሉ ሰው ይሰማኛል። ሚስት ለባሏ የምትለው ነገር በጩኸት የሚባል ነው? ቀስ በቀስ ከ"ብላ"ና ከ"በሩን ዝጋው" ሌላ የምነግረው ነገር አነሰ። እሱም አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ወደ ማታ ጣራ ላይ ነበርን። የመግሪብ አዛን አብቅቶ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ ሰማዩ ገና ቀይ ነው። እሱ መሬት ላይ የዘረጋው ጨርቅ ላይ የካርቡሬተር ዕቃ እየለቀመ ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ጎረቤት እንዳይሰማኝ በቀስታ፣ "አርግዣለሁ" አልኩት።

ቀና ሳይል "ያላ፣ አርብ አመጣልሻለሁ" አለኝ።

ዕቃ አምጣልኝ ያልኩት መስሎታል። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ወዲያው ግን ተናደድኩ። ቀና ብሎ ፊቴን ቢያየኝ ኖሮ ይገባው ነበር አልኩ በልቤ። ደግሜ ልነግረው እችል ነበር፤ ጆሮው ጋ ጠጋ ብዬ አንዲት ቃል። አልነገርኩትም። ራሱ አይቶ ይጠይቀኝ ብዬ ተነስቼ ወረድኩ። የዚያን ቀን እልኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ውኃ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ደም ፈሰሰኝ። አብረውኝ የሚሠሩ ትልቅ ሴት ወደ ክሊኒክ ወሰዱኝ። እርግዝናው እዚያ አበቃ። እኚያ ሴት "ለባልሽ ንገሪው፣ ልጄ፤ ለብቻ የሚቻል አይደለም" አሉኝ። ከአውቶብስ ወርጄ የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እሱ ከሥራ ሲገባ አገኘኝ። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ሕፃኑን ጠርቼ ሳይሆን በደፈናው፣ "ደም ፈሶኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ "እሺ" አለኝና ቦርሳዬን ይዞልኝ ወጣ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ያ "እሺ" ልቤ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። ዓመታት ኖረ።

ብዙም ሳይቆይ የጋራዡ ባለቤት፣ ለባሌ መኖሪያ ፈቃድ ዋስ የሆነው ከፊል፣ የሟች አባቱን መጋዝ አመጣለት። ለሌላ መካኒክ አልሰጥም ብሎ ያቆየው ነበር። ባሌ ሳምንት ሙሉ ደከመበት፤ ሰንሰለቱን እኔ ነኝ የሞረድኩት። ከፊሉ ቆሞ እያየ አስነሳው። ድምፁ እየቀጠነ ሄደ፤ በኋላ አብረውት የሚሠሩት እንደነገሩኝ ሁሉም ሰምተውታል። እሱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ እንዳለ ነበር። ሞተሩ በእጁ ላይ ተቃጥሎ ቆመ።

ከፊሉ አልተቆጣም። መጋዙን ተቀብሎት ብዙ አየውና "ኸላስ፣ በቃ፣ ጆሮህ ደክሟል፤ አገርህ ግባ" አለው። የመውጫ ወረቀቱ በወሩ አለቀ። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ በትምህርት ቤቱ ስለሆነ ቀረሁ፤ ቤት እስክንሠራ ድረስ ብለን ነው። ኤርፖርት ስሸኘው ብዙ ነገር አልኩት። ከንፈሬን እያየ "እሺ፣ እሺ" ይለኝ ነበር።

አሁን አርባ እየደረስኩ ነው። ቤቱ ተሠርቷል። በሁለት ዓመት አንዴ ለዕረፍት እሄዳለሁ፤ ልጅ ግን አልሆነልንም። ስልክ ጨርሶ አይሰማም፤ የምንነጋገረው በጽሑፍ ነው። ዝናብ ጣለ፣ ላሟ ወለደች፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እንዲህ እንላለን።

ዛሬ ከሥራ ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ሁሉንም ጻፍኩለት። ጣራው ላይ ያልኩትን፣ የጠፋውን፣ በዚያ "እሺ" እንዴት እንደተቀየምኩት።

መልሱ ቆየ። ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ደረጃው ላይ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አንድም ቃል አልሰማሁም። ድገሚልኝ ብልሽ ትሰለቺኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ያን ሰሞን ለሰው ሁሉ እሺ ነበር የምለው።"

ደወልኩለት። እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ አነሳው። ሴቶቹ ወንበራቸው ላይ አንቀላፍተው ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በቀስታ አወራሁት፤ ልጁ ቢኖር ስንት ዓመቱ እንደሚሆን፣ ማንን ይመስል እንደነበር፣ ምን ብዬ ስም ላወጣለት እንዳሰብኩ። የባሌ ትንፋሽ ይመጣልኝ ነበር። መንፉሐ ደርሰን ሹፌሩ "ያላ" ብሎ እስኪያስወርደን ድረስ እሱ ስልኩን አልዘጋውም።