ባዶውን የተለካ ካቴና

ወንድሜ በብየዳ ላስረዘመው ሞተር ሳይክል አዲስ ካቴና ሊለካ የግራሶውን ጣሳ ሲከፍት፣ ሽታው የልጅነቴን አንድ ቀን አስታወሰኝ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባየም እኔንና እርጉዝ የነበረችውን እማየን ለመጫን ሞተሩን አስረዘመ፤ ካቴናውንም ሰው ሳይቀመጥበት ለካ። የበየዱለት ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ካቴና ቤተሰብ ተቀምጦበት ነው የሚለካ፤ ክብደት ሲያርፍበት ይወጠራል» አሉት። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ ስንሄድ አንድ ጉድጓድ አነጠረንና ካቴናው እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። ከወደቅሁበት ቀና ስል እማየ ሆዷን ይዛ አፈር ላይ ተቀምጣለች። አባየ ተንበርክኮ፣ «ይንቀሳቀሳል? ንገሪኝ እንጅ!» ይላታል።

አሁን ወንድሜም ባዶውን ለክቶ ካቴናውን ሊቆርጥ ሲል «ተው!» ብየ ጮኽሁና ሞተሩ ላይ ወጣሁ። ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ደንግጦ።

ያን ቀን በእማየ ሆድ ሆኖ አብሮን መውደቁን ማንም አልነገረውም።