ድምፅ የሚታይበት ሣጥን

አባቴ ችኮላ አይወድም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ከአፉ ስለማይለይ ሰፈሩ «እንቁላሉ» ይለዋል። በደጉ ዘመን ባለ አምፖል ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጆሮው ጨርሶ ከደነቆረ ወዲህ ግን ሬዲዮውን ትቶ ባረጁ የኤሌክትሪክ መመርመሪያ መሣሪያዎች ላይ ነፍስ መዝራት ያዘ። ሥራው ጆሮ አይጠይቅም፤ መርፌው ሲወዛወዝ፣ አምፖሉ ሲግል ማየት ነው።

እናቴ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ፣ ከአንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ኦሲሎስኮፕ አመጣ። ድምፅን መስታወቱ ላይ በአረንጓዴ መስመር የሚስል፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሣጥን ነው።

«ድምፅሽን ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ» አላት። «ይሄ ሲሠራ በዓይኔም ቢሆን አየዋለሁ።»

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነባት። ከንፈሯን እንዲያነብ ፊቷን አዞረችለትና፣ «ጆሮ እያለህስ መቼ ሰማኸኝ!» አለችው። ደስ ብሏት ነበር ግን። በየቀኑ «ደረሰ ወይ?» ትለኝ ጀመር።

አባቴ የተቃጠሉትን ሽቦዎች ቀየረ፤ የአምፖሎቹን እግር በቢላ ፋቀ። የቀረው ማብራት ብቻ ነበር። ሙያው ደግሞ ሕግ አለው፦ ሠላሳ ዓመት ተዘግቶ የኖረ መሣሪያ ባንዴ ግድግዳ ላይ አይሰካም። ኤሌክትሪኩ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረለት ሦስት ቀን መሰንበት አለበት፤ አለዚያ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እናቴን ትንፋሽ አጠራት። ለአባቴ ወረቀት ላይ በትልቁ «ዛሬ ክፈተው!» ብዬ ጻፍኩለት።

«ከተቃጠለ መለዋወጫ የለውም፣ ልጄ። ነገ።»

«ነገ የለም!» ብዬ ጮህኩ። ለማን ነው የምጮኸው?

ከሰዓት በኋላ አረፈች። አባቴ እጇን ይዞ ከንፈር ከንፈሯን እያየ ነበር።

በተቀበረች ማግስት መሥሪያ ክፍሉ ገብቼ አገኘሁት። አረንጓዴው መስመር በርቷል። ከሣጥኑ ጋር ያገናኘውን ማይክራፎን አቀበለኝ።

«ድሮ ሰው ሁሉ ድምፅሽ ቁርጥ እሷን ነው ይለኝ ነበር። እስቲ አንድ ነገር በይ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል።

ደሜ ፈላ። ለእሷ አንድ ቀን ነፍጎ አሁን በእኔ ሊያካክስ? ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባቴ ብዙ ጠበቀ። መስመሩ ውልፍት አላለም። ማይክራፎኑን ከእጄ ተቀብሎ ነቀለው፤ ሣጥኑን አጥፍቶ አዞረና ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር።

«አይዞሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «አንዱን ቦታ አበላሽቼ ነው።»

«አባዬ» አልኩት። «አባዬ፣ ደህና ነው፤ ይሠራል።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል።