ፓክ ሙታሊብ ቀስ ማለትን እንዴት ተማረ

የፔናንግ ደሴት ሰው ሁለት ሰዎች ተከታትለው ቆመው ካየ ሦስተኛ ይሆናል። ለምን እንደቆመ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው። አንድ ጎረቤቴ እንዲህ ተሰልፎ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ገብቶ፣ ደህናውን ጥርሱን አስነቅሎ ወጥቷል። እስከ ዛሬ ድረስ ሐኪሙን ያመሰግናል።

ፓክ ሙታሊብ ለዚህ ሕዝብ ነው እንግዲህ ቼንዶል የሚባለውን የበረዶ ጣፋጭ በጋሪ በፍጥነት ልሽጥ ብሎ የተነሣው።

እጁን ያላየ አያምነኝም። በረዶውን ፍቆ፣ ትል የመሰሉትን አረንጓዴ የሩዝ ሊጥ ቁራጮች ጨልፎ፣ ቀይ ቦሎቄውን በትኖ፣ የኮኮናት ወተቱንና ጥቁሩን የዘንባባ ስኳር አፍስሶ ሳህኑን ሲያቀብልህ አንተ ገና «አንድ ስ...» ላይ ነህ። ስለዚህ ጋሪው ፊት ሰው ቆሞ አያውቅም። መንገደኛውም ባዶ ጋሪ ያይና፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ቢያበላቸው ነው እንዲህ የሸሹት?» እያለ ያልፋል።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሳኑሲ ነበረ። ሳኑሲ በረዶ ከመፋቁ በፊት የደንበኛውን እናት ጤና ይጠይቃል፤ ቀጥሎ የአክስቱን። ደንበኛው ያላገባ ከሆነማ ምክንያቱ እስኪጣራ በረዶው ይቅለጥ። ወረፋው ልብስ ሰፊው በር ይደርሳል። ቱሪስቶች ወረፋውን ፎቶ አንሥተው፣ ይሰለፉና ወረፋው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ደግሞ ያነሣሉ።

አንድ ጠዋት፣ ታውኬ፣ ማለትም ጌታው፣ እያልን የምንጠራው የቡና ቤቱ ባለቤት ኩ ወደ ጋሪው መጣ። ሙታሊብ የሚቆመው በኩ ቡና ቤት ጥግ፣ ከመጠለያው ሥር ነው። አባቱም እዚያው ቆሞ ነው ያረጀው።

«ፓክ ሙታሊብ፣ አባትህን አከብራለሁ» አለ ኩ። «ግን ባዶ ጋሪ ደጄ ላይ ገትረህ ቡና ቤቴን የለቅሶ ቤት አስመሰልከው። የእኛ የቻይኖቹ አዲስ ዓመት እስኪደርስ ሰው ካላመጣህ ጥጉን ለሳኑሲ እሰጠዋለሁ።»

«እኔስ የት እሄዳለሁ፣ ታውኬ?»

«ፈጣን አይደለህ? ታገኘዋለህ።»

ሙታሊብ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለካልሶም ነገራት። ካልሶም ዓሣ እያጸዳች ነበር፤ ቀናም አላለች።

«የኔ ቼንዶል ከሳኑሲ ያንሳል?» አላት።

«አያንስም። አይበልጥምም። ስኳሩን ከአንድ ሱቅ አይደል የምትገዙት?»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ሰውን ሳይጠማው ታጠጣዋለሃ። እስቲ ትንሽ አጉላላው።»

«ደንበኛ ማጉላላት ነውር ነው።»

«ሳኑሲ ምን እያደረገ ይመስልሃል? የሰው አክስት ናፍቆት ነው?»

ሙታሊብ በማግስቱ ቀስ ለማለት ሞከረ፤ እጁ ግን አልታዘዘው አለ። ምላሱ «እንዴት ዋልሽ እቴ» ሳይል እጁ ሳህኑን አቀብሏል። በኋላ ዘዴ አገኘ። ሳህኑን ይወለውላል። ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። እንደገና ይወለውላል። ከዚያ ቦሎቄ ያነሣል፤ አገላብጦ ያይና «አንተ አልደረስክም» ብሎ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። ከሌላው ምንም ያልተለየ ቦሎቄ።

«አያችሁ?» አለች ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴትዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እየመረጠ ነው።»

ከኋላዋ ሰው ቆመ። ከዚያም ኋላ ሌላ። ወረፋው ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተዘረጋ፤ ፀሐይ ላይ የቆየው ሁሉ ደግሞ ሳህኑን ሲቀበል የሚያለቅስ ይመስላል። ሰፊው ሕዝብ ሲጉላላ ጥራት ያገኘ ይመስለዋል። መንግሥታት ይህን ድሮ ያውቁታል፤ ሙታሊብ ነው ዘግይቶ የደረሰበት።

የኩ አዲስ ዓመት ዋዜማ ደረሰ። ኩ ራሱ ቀምሶ ሊፈርድ ወጣና በቀጥታ ወደ ጋሪው አመራ።

«ታውኬ፣ ወረፋ አለ» አለው ሙታሊብ፣ ከቦሎቄው ዓይኑን ሳይነቅል።

«ጥላው የኔ ነው እኮ!»

«ጥላው የእርስዎ ነው። ወረፋው የነሱ ነው።»

«አጎቴ፣ ወደ ኋላ» አለ አንዱ ጎረምሳ። «እኛም ራስ አለን፣ እኛም ይግላል።»

ኩ ወደ ኋላ ሄደ። ራሱ ላይ ፀጉር የሚባል አልቀረም፤ እዚያች መላጣ ላይ ፀሐይዋ እንደ ልቧ ተጫወተች። ካልሶም ጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለባሏ በቅንድቧ ምልክት ሰጠችው። ሙታሊብ ያን ቀን ቦሎቄዎቹን አንድ በአንድ ማማከር ጀመረ።

ኩ ተራው ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። አንድ ማንኪያ አነሣ። ዓይኑን ጨፈነ። ሳህኑን ጠርጎ ጨረሰ።

«አባትህ እንኳ እንዲህ አድርጎ አልሠራም» አለ በመጨረሻ። «ጥጉ ያንተ ነው። አንድ ድገመኝ።»

«ከኋላ ይሰለፉ፣ ታውኬ።»

ኩ እሺ ብሎ ሄዶ ተሰለፈ።

ማታ ላይ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ካልሶም «ለኔም አንድ ስጠኝ» አለችው። እጁ እንደ ድሮው በረረ፤ ቃሏን ሳትጨርስ ሳህኑ እጇ ላይ ነበር። ቀመሰች።

«እንዴት ነው?»

«ቼንዶል ነው።»

«ታውኬው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የበላው እኮ።»

«እሱማ ፀሐይ ላይ ነበር። እኔ ጥላ ሥር ነው የዋልኩት።»

ሙታሊብ ትንሽ አሰበ። ሳህኑን ከእጇ ወሰደና ጋሪው ላይ አስቀመጠው። ሌላ ሳህን አንሥቶ መወልወል ጀመረ፤ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፤ እንደገና ወለወለው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«ተነሺ» አላት። «ተሰለፊ።»