ስቴክ በጎድጓዳ ሳህን

እትዬ ጥሩነሽ ጎባ ላይ በነበራቸው ሆቴል ሥራ የጀመርኩት በጥቅምት፣ ዝናቡ ቆሞ ውርጩ በገባበት ሰሞን ነው። ከሮቤ በጭነት መኪና መጥቼ ጓዜን እንኳ ሳላስቀምጥ የወጥ ቤቱ አለቃ ጋሼ ደበላ የጠቆረ መጥበሻ አስጨበጡኝ። «አመድ እዚያ አለልሽ። ፊትሽን እስኪያሳይሽ ፈትጊው» አሉኝ። ማዕረጌ ዕቃ አጣቢ ነበር። በዓመቱ ረዳት ሆንኩ።

ጋሼ ደበላ ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ የጦር ሠራዊት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ስቴክ ሲጠብሱ ማየት ደስ ይል ነበር። ሽንጡን ወፈር አድርገው ይቆርጡታል፤ ብረት መጥበሻው እስኪጨስ ይታገሣሉ፤ ሥጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ያገላብጡታል።

ችግሩ ግቢው ነበር። ወጥ ቤቱ ከጓሮ፣ ምግብ ቤቱ ከመንገድ ዳር ነው። በመሐሉ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ያልፋል። በዝርግ ሳህን ያወጣነው ስቴክ ጠረጴዛ እስኪደርስ ቅቤው ረግቶ ነጭ ይሆናል።

እራት የሚበሉልን ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ መምህራን፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰሮች። አንድ ሁለት እያሉ ቀሩብን። የጎጃሙ ሰው መምህር ግርማ ብቻ ደህና ሁኑ ብሎ ሄደ። «ጋሼ ደበላ ባለሙያ ናቸው» አለ፤ «ግን እዚህ ቤት አንድ ቀን ትኩስ ሥጋ በልቼ አላውቅም።»

ረዳት በሆንኩበት በዚያ ጥቅምት እትዬ ጥሩነሽ ጋሼ ደበላንና እኔን ጠሩን። «የነቢያት ጾም ሲገባ ወጥ ቤቱን እዘጋዋለሁ። አልጋ ብቻ አከራያለሁ» አሉ። ጋሼ ደበላ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን መመለስ አልፈለግሁም። ሮቤ የሚጠብቀኝ የወንድሜ ቤት ጓዳ ነበር፤ እዚያ ደግሞ የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ታየኝ። ሾርባችን ቀዝቅዞ ተመልሶ አያውቅም፤ በጎድጓዳ ሳህን ተከድኖ ነው የሚወጣው። ስቴኩንም እንዲሁ ብናደርገውስ? ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ትኩስ ሩዝ፣ ከጎኑ በዚያ ወቅት ገበያውን የሞላው ዱባ።

«እትዬ፣ ጾሙ እስኪገባ ማክሰኞና ሐሙስን ይስጡኝ» አልኳቸው። ረቡዕና ዓርብ መቼም ሥጋ የለም።

ጋሼ ደበላ ሳቁ። «ሩዝ እኮ የበሽተኛ ምግብ ነው!»

«ትሞክር» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «የተበላሸ ግን እንግዳ ፊት አይቀርብም።»

የመጀመሪያው ሩዜ ውጪው ሙጫ፣ ውስጡ ጥሬ ሆነ። የግቢው ውሻ እንኳ አሽትቶ ተወው።

ሩዙን የሸጡልኝ አዴ ፋጡማ የሚባሉ ከጊኒር የመጡ ነጋዴ ነበሩ። ገበያ ሄጄ ሩዝዎ መጥፎ ነው አልኳቸው። አልተቆጡም። «ሩዜ ምንም አልሆነ፣ ልጄ። ጊኒር ሞቃት ነው። እዚህ ጎባ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም። እኔም ስመጣ አስቸግሮኛል። ነገ ቤቴ ነይ።»

ሄድኩ። ሩዙን ውሃው እስኪጠራ አጠቡት፤ ዘፈዘፉት፤ አጥልለው በቅቤና በሽንኩርት አገላበጡት፤ ከዚያ የፈላ ውሃ ጨመሩበት። ውሃው ሲመጠጥ የድስቱን አፍ በሊጥ አሽገው ክዳኑ ላይ ፍም ደረደሩ። ለማየት እጄን ስሰድ መታ አደረጉኝ። «ሂን ቱቂን! አትንኪው። አሁን የአላህ ሥራ ነው።»

ሲከፈት ፍሬው አንድም አልተጣበቀም።

እኔ የሠራሁትን እንዲቀምሱልኝ ለመንኳቸው። «የእናንተን ሥጋ አልበላም፤ ታውቂያለሽ» አሉ። «እዚሁ በኔ ድስት ሥሪውና እፈርድልሻለሁ።» ሠራሁ። «ጨው ጎድሎታል» አሉና ሳህኑን ጨረሱት።

ማክሰኞ ደረሰ። እትዬ ጥሩነሽ መምህር ግርማንና ጓደኞቹን ራሳቸው ሄደው ጠርተዋቸው ነበር። ጋሼ ደበላ ግን «ስቴክ ተከትፎ በሩዝ ላይ ሲበተን እጄን አላስገባም» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሥጋውን ራሴ ጠበስኩት። ዱባውን በቅቤና በሐረና ጫካ ማር አገላበጥኩት። ሳህኖቹን በፈላ ውሃ አሙቄ፣ ሞልቼ፣ ከድኜ ላክሁ።

መምህር ግርማ አስጠራኝ። «ሩዙ ግሩም ነው። ዱባውም። ሁሉም ትኩስ ነው» አለኝ። «ሥጋው ግን ጫማ ነው።» ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ወጥ ቤት ገብቼ እንባዬን በሽርጤ ጠረግሁ።

በማግስቱ ጋሼ ደበላ እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ሥጋው አቃተኝ። ያስተምሩኝ።»

«አይከተፍም ብዬሻለሁ» አሉና ፈለጣቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ጠዋት ደግሜ ጠየቅኋቸው። «እስቲ እንዴት እንደቆረጥሽው አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው። «ክሩን ተከትለሽ ነው የምትቆርጪው! ክሩን አቋርጪው። ደግሞ ከመጥበሻው እንደወጣ ቢላ አታስነኪው፤ ትንሽ ይረፍ፣ አለዚያ ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይቀራል።» ቢላውን ከእጄ ወሰዱ። ኮታቸውን አወለቁ። «ለሥጋው ስል ነው» አሉ። «ለሩዝሽ አይደለም።»

ያን ዕለት ምሽት እሳቸው ጠበሱ፣ እኔ ደረደርኩ። ሩዙ ከሥር፣ ዱባው ከዳር፣ በስሱ የተቆረጠው ሥጋ ከላይ፤ በላዩ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል የጋለ ቅቤ። ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ የመምህሩን መነጽር ሸፈነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ያለ መነጽር በላ። ሳህኖቹ ባዶ ተመለሱ። ጋሼ ደበላ አንዱን አንስተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ሳልጠይቃቸው ሽንጡን ቆርጠው ጠበቁኝ።

ቀርተውብን የነበሩት ተመጋቢዎች እየተመለሱ፣ ሌሎችንም እያስከተሉ መጡ። በቅበላው ዕለት እትዬ ጥሩነሽ ወጥ ቤት ገቡ። ይዘጋል የሚሉን መሰለኝ። ድስቶቹን አየት አየት አደረጉና፦

«ለጾሙ ምን ልትሠሩ ነው?» አሉን።

በኋላ ጋሼ ደበላ ሮቤ ላይ የራሳቸውን ምግብ ቤት ከፈቱ። መጥበሻቸውን ትተውልኝ ሄዱ፤ የወጥ ቤቱ አለቃም ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምግብ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ረዳቶችም አልፈውብኛል።

ለእናንተ ሥራውን ለምትጀምሩት የምለው አጭር ነው። ያልቻላችሁትን ነገር የሚችለውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት። እምቢ ቢል በማግስቱ ደግማችሁ ጠይቁት።